የትኛው መፍቻ ያንተ ነው?

ሰዒዴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከተለየኸኝ አንድ ረመዳን አልፎ ሁለተኛው ሊገባ ነው። መቃብርህ ዘንድ ስመጣ ዱዓ አድርጌ እመለሳለሁ እንጂ ወሬ አላወራህም፤ ሰው አጠገቤ ካለ አፍራለሁ። ሐያት ናት «እማዬ፣ ካልተናገርሽው ጻፊለት» ያለችኝ። ልጅህ ደህና ናት። ከቢሮ ስትመጣ ስለ ሪፖርትና ስለ ሚቲንግ ታወራልኛለች፣ እኔ ስለ ቡሎን አወራላታለሁ፣ ሁለታችንም የሌላውን ሳይገባን ራት በልተን እንነሳለን።

አዎ፣ ስለ ቡሎን። ጋራዡን ከፍቼዋለሁ። ትልቅ ሥራ አልይዝም። ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ ነው፤ ካንዴላ መቀየር፣ ካርቡራተር ማጠብ፣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ መፍቻ ሳቀብልህ ያየሁትን ያህል። እዚህ ሶማሌ አገር፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ፣ እጇ ግሪስ የነካ ሐበሻ ሴት ማየት ሰዉን ገና ግር ይለዋል። እኔንም ግር ይለኛል።

ልጽፍልህ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። አንተን ካልጠየቅኩ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ጀናዛህ ላይ ወንድምህ ተነስቶ «ሰዒድ ዘንድ አማና ያለው ሰው ካለ ቤተሰቡ ዘንድ ይምጣ» ብሎ ተናገረ። አማና፣ የሰው አደራ፣ ሳይመለስ እንዳይቀርብህ ነው። ሰዉም መጣ። ዒዳዬን፣ የባሌን ሐዘን የምቀመጥበትን ወራት፣ ጨርሼ በሩን ስከፍት አንዱ ፒንሳ ይዞ «የሰዒድ ነው፣ አውሶኝ ነበር» ይለኛል፤ ሌላው ባዶ እጁን መጥቶ «መዶሻዬ እዚህ ቀርቷል» ይላል። አንተ ስታውስም ስትዋስም ለማንም አትናገርም ነበር። ሳጥንህን መሬት ላይ ዘረገፍኩትና ቆሜ አየሁት። የትኛው ያንተ ነው? የትኛው የሰው ነው? መፍቻ ሁሉ መፍቻ ነው የሚመስለው።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ ያገኘሁት መላ አንድ ነው። አንተ ዕቃ ስትመርጥ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ።

ገበያ ስንወርድ፣ ከበርበራ በኮንቴይነር የመጣው አሮጌ ዕቃ ሸራ ላይ ተዘርግቶ፣ አንተ ፊቱ ቁጢጥ ትላለህ። እኔ የሚያብረቀርቀውን አነሳልሃለሁ፣ አንተ «እሱ ቅብ ነው» ብለህ ትመልሰዋለህ። ከኪስህ ቡሎን አውጥተህ መፍቻው አፍ ውስጥ ትከትና ታወዛውዘዋለህ። ከተንገጫገጨ አትገዛውም፤ ውሎ አድሮ የቡሎኑን ማዕዘን ይበላዋላ። ፒንሳውን ገጥመህ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለህ፤ በጥርሶቹ መሃል ብርሃን ካለፈ ቀጭን ሽቦ አይዝም። ቡሎኑን ከላይ የሚጎርሰውን ቡሶላ ደግሞ ውስጡን ታየዋለህ። ስድስት ማዕዘን ያለው ይሻላል፣ የዛገ ቡሎን የሚይዘው እሱ ነው ትል ነበር። ሻጩ ሰልችቶት ፊቱን ሲያዞር፣ ፀሐዩም አናቴን ሲበሳኝ፣ አንተ ገና ሁለተኛውን እያነሳህ ነው።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ቡሎን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጥብቅ አድርጎ የያዘውን በቀኝ፣ የተንገጫገጨውን በግራ። ቀኙ ያንተ፣ ግራው የሰው። ለጊዜው ደስ አለኝ። ቀጥሎ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ አንድ አሮጌ መፍቻ እጄ ገባ። መንጋጋው ይወላገዳል፤ ገበያ ላይ ብታየው በእግርህም አትነካውም ነበር። ግን እጀታው ከመያዝ ብዛት ልሙጥ ሆኗል። አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ እጅህ ላይ የማየው እሱን ነው። እስከ ዛሬ የጠየቀውም የለም። ሰዒዴ፣ እኔን መጥፎ ዕቃ አታንሺ እያልክ አንተ ለምን ያዝከው? ከዚያ በኋላ ቀኝና ግራዬን ማመን አቃተኝ።

ይህ ሳይበቃኝ ጃማ መጣ። ጎረቤታችን መካኒክ ጃማ፣ ጅግጅጋ ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል እያልክ የምትቀልድበት። ጥቁሩን የቡሶላ ሳጥን እያሳየኝ «ዘይነብ እህቴ፣ ይሄ የእኔ ነው። ሰዒድ ዘንድ ከቆየ ብዙ ጊዜ ሆነው» አለኝ።

ከዕቃህ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ቤት ያመጣኸው ቀን ትዝ ይለኛል። በጨርቅ ጠቅልለህ፣ እጀታውን እያዞርክ ድምፁን አሰማኸኝ። ደስታህ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፣ የተናገርከው ግን ጠፋኝ። ገዛሁት ነው ያልከኝ ወይስ ጃማ አዋሰኝ? ቀኑን ሙሉ፣ ሥራ እየሠራሁ፣ ያን አንድ ቃል ስፈልግ ዋልኩ። አልመጣልኝም።

ሐያት «ማስረጃ ያምጣ» አለች። ለመፍቻ ምን ማስረጃ አለው? የጃማ ሆኖ ባስቀረው አማናው አንተ ላይ ነው። ያንተ ሆኖ ብሰጠው እንጀራችንን በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጠሁ። በመጨረሻ ካንተ ዕዳ የእኔ ችግር ይቀላል ብዬ ሰጠሁት። ጃማ ሳጥኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲሄድ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። እኔም ልክ ሠራሁ አልሠራሁም፣ አላወቅኩም።

ከዚያ ሳህራ መጣች፤ ዳሚ ሰፈር ጭማቂ የምትሸጠው። ጀነሬተሯ ቆሞ ፍራፍሬው ሊበላሽባት ነው። የሞተሩን ክዳን ከያዙት ቡሎኖች አንዱ ዝጎ እምቢ አለኝ። በቀረኝ መፍቻ ስሞክር ተንሸራተተ። ደግሜ ስሞክር የቡሎኑ ማዕዘን አዲስ ብረት ሆኖ አበራ። «ማዕዘኑ ሳያልቅ አቁሚ፤ ካለቀ በኋላ ማንም አይፈታውም» የምትለኝ ትዝ አለኝና እጄን አነሳሁ። መፍቻውን በመዶሻ ልምታው? እጀታው ላይ ቧንቧ ልሰካ? ሁለቱንም ከልክለኸኛል፤ ሌላ ደግሞ አላውቅም። ሳህራ ቆማ ታየኛለች። «ይሠራል?» አለችኝ። «ኢንሻአላህ» አልኳትና ተነስቼ ወደ ጃማ ሄድኩ።

«ጃማ፣ ያን ሳጥን ለአንድ ቡሎን አውሰኝ» አልኩት።

ሳጥኑን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። አልተቀመጠም፣ አልሄደምም። «ዘይነብ» አለኝ፣ «ከወሰድኩት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔና ሰዒድ አንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ሳጥን ገዝተናል። ስንዋዋስ ስንዋዋስ ቡሶላዎቹ ተደባለቁ። አንዱ ሳጥን ጠፋ። የጠፋው የእሱ ይሁን የእኔ፣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ የእኔ ነው ለምን አልክ?»

«መስሎኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል። ግን አልምልም።»

ይዤው ተመለስኩ። ቡሎኑን ዘይት አጠጣሁት፣ እስኪሰርግ ጠበቅኩ፣ ቡሶላውን እስከ ታች አስገባሁት። እንዳስተማርከኝ አልገፋሁም፤ እግሬን አደላድዬ ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ሳብኩ። አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ለቀቀ። ሳህራ «ማሻአላህ!» ብላ ጮኸች፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጀነሬተሩ ከዓስር ሶላት በፊት ተነሳ።

ሳጥኑን ስመልስለት ጃማ እምቢ አለ። «የሚከብድ ቡሎን የመጣበት ጋራዥ ይቀመጥ» አለኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት እሱ ዘንድ፣ አንዳንድ ሳምንት እኔ ዘንድ። እውነቱን ይሁን አዝኖልኝ፣ አላወቅኩም። ዓይኑን ሳይ አንዳንድ ቀን እውነት ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ሲል የፈጠረው። አንተ ብትኖር በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። አሁን ዱዓ ሳደርግ «ያ ረብ፣ የማንም ይሁን፣ ለሰዒድ አውፍ በለው» እላለሁ። ጃማም እንደዚያው እንደሚል ነግሮኛል።

ባለፈው ሳምንት ሳህራ ወንድሟን ይዛ መጣች፤ ቀለም ቀቢ ነው። ባዶው ግድግዳ ላይ የጋራዡን ስም ሊጽፍልኝ። «የዘይነብ ጋራዥ ልበለው?» አለ። ደስ አለኝ። ብሩሹን ይዞ ጠበቀኝ። ሥራው አሁን የእኔ ነው፣ እጁ የእኔ ነው፤ ግን እዚህ ግድግዳ ላይ ስሜን ብቻዬን ማየት አልቻልኩም።

በዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ውስጥ ሳላመነታ የመለስኩት ይህን ብቻ ነው። «የሰዒድ ጋራዥ በል» አልኩት። በሶማሊኛ ጻፈው፣ ከሥሩ ደግሞ እኔ ፊደሉን በጣቴ እያሳየሁት በአማርኛ ጻፈው። «ሰ»ን ትንሽ አጣሞታል፤ አላስተካከልኩትም። መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል። እኔ እስካለሁ ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር አስቀባዋለሁ፣ ሰዒዴ፤ በዚህ ሰፈር ሰዒድ ማን ነው የሚል ሰው አይኖርም።

ያንተው ዘይነብ