ሰባተኛው ብልቃጥ

ጥቅምት 4

አባዬ ብልቃጦቹን ዛሬ አመጣ። ስምንት። እንደ ልማዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በእርሳስ ጽፎባቸው፦ ጅብ፣ ሚዳቋ፣ ጃርት... ሠላሳ አንድ ዓመት ደን የጠበቀ ሰው ኩስ አይሳሳትም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለእኔ ይለቅማል፤ እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ገብቼ ከኩሱ ባክቴሪያ እፈልጋለሁ። በረኛው ሁሌ "ምሳ አመጡላት?" ይለዋል። አባዬም አዎ ብሎት ያልፋል።

ሲቀመጥ ጉልበቱን ያሻሽ ነበር። አመመህ? ስለው ብርድ ነው አለ። በዚህ ፀሐይ?

ጥቅምት 19

ከሰባት ቁጥር ብልቃጥ የማላውቀው ባክቴሪያ በቀለ። ነጭ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ። ብልቃጡ ላይ "ቀበሮ" ይላል። ረጋ በይ... አምና "አዲስ ነው" ብዬ ያወጅኩት የጽዳት ሠራተኛዋ እርጎ ሆኖ አረፈ። የሳቁብኝን ሳቅ አልረሳም።

ኅዳር 2

አዲስ ነው። ዘረመሉ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ከአንዱም ጋር አይገጥምም። አለቃችን (ማኅተም ስለሚወዱ "ማኅተሙ" እንላቸዋለን) ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው አናገሩኝ። የዱር እንስሳት ፕሮጀክታችን በታኅሣሥ መጨረሻ ያበቃል፣ የእኔም ኮንትራት አብሮ። አዲስ ዝርያ ካስመዘገብን ሁለት ዓመት ይራዘማል። ካልሆነ ጠረጴዛዬን መጥረግ ነው።

ስሙን በአባዬ አወጣዋለሁ። የላቲን ጭራ ቀጥዬለት።

ኅዳር 3

ደስ ይለዋል ብዬ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "የእኔን ስም? ለእሱ?" ትልልቅ ሰዎች የሚመኙት ክብር ነው አልኩት። ሌላ ስም ፈልጊለት ብሎ ተነስቶ ሄደ። እማዬ፣ በኩስ ስሜን አታንሺ ማለቱ ነው፣ አይፈረድበትም አለች። ቅር አለኝ። በጣም።

ኅዳር 11

ጉድ ፈላ። ኩሱ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ በዲኤንኤ ማረጋገጥ ደንብ ነው። የሰባት ቁጥር ውጤት፦ ሰው። ደገምኩት። ሰው። አለቃችን ከመካከላችሁ አንዱ ነካክቶታል አሉ። ሠራተኛ በሙሉ የሰገራ ናሙና ይስጥ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። "በሥራ ሰዓት ብቻ" ይላል። ማኅተም አለው።

ኅዳር 18

ሒሳብ ሹሟ ድንገት የዓመት ፈቃድ ሞላች። በረኛው ሁለት ይዞ መጣ፣ አንዱ ባይበቃ ብሎ። አለቃችን የራሳቸውን በታሸገ ፖስታ ላኩ፣ "ምስጢር" የሚል ተጽፎበት። ሁሉንም መረመርኩ። የማናችንም አይደለም። እንግዲህ የማን?

ኅዳር 19

እራት ላይ የመሥሪያ ቤቱን ጉድ አወራኋቸው። እማዬ እስክታለቅስ ሳቀች። አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሰዎቹን ተያቸው። ሰባት ቁጥር የእኔ ነው።"

ምኑ?

"ቁልቁለቱን መውረድ አቃተኝ። ጉልበቴ... ስምንት ብለሽኝ ሰባት ይዤ ልምጣ? እንጀራሽ በዚያ ላይ ነው። ቀበሮም ሥጋ ይበላል፣ እኔም እበላለሁ ብዬ..."

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ለካ ስሙን እንቢ ያለው ለዚህ ነው። ጉልበቱን ሲያሻሽ ስንት ጊዜ አይቼ፣ ብርድ ነው ሲለኝ አምኜ ብልቃጥ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ኅዳር 21

ለአለቃችን እውነቱን ነገርኳቸው። የምዝገባ ቅጹን አወጡ። የናሙናው ምንጭ የሚለው ሥር ሁለት ሳጥን ብቻ አለ፦ የዱር፣ የቤት። ፕሮጀክቱ ለቤት እንስሳ በጀት የለውም። "እና አባትሽን የት እናድርጋቸው?" አሉኝ፣ የምር። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀበሮ በይውና እንገላገል አሉ።

ከሳጥኖቹ ውጪ "ሰው" ብዬ ጻፍኩ። ሳያትሙ መለሱልኝ። አለቀ በቃ... ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ዕቃ አንድ ካርቶን አይሞላም።

ኅዳር 23

አባዬ የጥበቃ ኮፍያውን አድርጎ ቢሮ መጣ። እኔ አልጠራሁትም፤ የሳጥኖቹን ነገር ግን ማታ እራት ላይ ነግሬያቸው ነበር። አለቃችን ፊት ቆመ።

"ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ዱር ነው ያደርኩት። ቤቴ ያደርኩበት ሌሊት በጣት ይቆጠራል፣ ባለቤቴን ይጠይቁ። ሰው መሆኔን ይጻፉ፣ የዱር የሚለውም ላይ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱም እውነት ነው።"

አለቃችን መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አገላበጡ። የሚከለክል አንቀጽ አጡ። የሚከለክል ካጡ ደግሞ ማተም ግድ ነው... አተሙ። ሁለት ቦታ።

ታኅሣሥ 28

ተመዘገበ። ምንጭ፦ ሰው፣ ወንድ፣ 68 ዓመት፣ የዱር። ስሙ የአባዬ ነው። የራሴ መሆኑ ከተጻፈማ ይሁን አለ። ኮንትራቴም ተራዘመ።

አሁን የምለቅመው እኔው ነኝ። ዛሬ ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ አባዬ ከላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በከዘራው ይመራኝ ነበር። ያ የጃርት ነው፣ ያ ድንጋይ ነው ልጄ።

አዲስ ዝርያ በሁለት የውጭ አገር የባክቴሪያ ማከማቻዎች በሕይወት መቀመጥ አለበት፣ ደንቡ ነው። ከሁለቱም ደርሶናል የሚል ደብዳቤ ስለመጣ እዚያው ድንጋዩ ላይ አነበብኩለት። የአገሮቹን ስም አስደገመኝ። በአውሮፕላን ነው የሄደው? አለ። አዎ አልኩት። ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ደኑ ተመለከተ።

"እኔ ከዚህ ደን አልፌ አላውቅም። ይሁን። አንዳችን እንኳ አገር እንይ።"