ከጫጫታ ሥር ያለውን የሰሙት እህታችን

እህታችን ከመምህር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወደቡ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ እሳቸው፣ የመጨረሻው እኔ ነኝ። ይህን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ያዘዙኝም ራሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን እንቢ ማለት ድሮም አልሆነልኝም።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በፊዚክስም ተመረቁ። ከዚያ በባሕር ምርምር ተቋም ተቀጥረው ዕድሜያቸውን በአንድ ሥራ አሳለፉ፤ ከጀልባ ወደ ባሕር በሚወርድ ማይክሮፎን የተቀዳውን እያዳመጡ፣ ከመርከብ ሞተርና ከማዕበል ጫጫታ ሥር የዓሣ ነባሪን ደካማ ድምፅ ይለዩ ነበር። ይህን የሚሰማ ጆሮ ባለቤታቸው ከጓዳ ሲጠሯቸው አይሰማም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። መጋዝ ሲጮህ በሚውልበት ግቢ እንዴት እንደሚኖሩ ሲጠየቁ «የጫጫታውን ነገር ለእኔ ተዉት» ይሉ ነበር።

የክፍል ኃላፊ በሆኑበት ዓመት ወደቡ ትልልቅ መርከቦችን በሰሜኑ የባሕር መተላለፊያ ሊያሳልፍ አሰበና በዚያ ዓሣ ነባሪ ይኖር እንደሆነ ተቋሙን ጠየቀ። እህታችን ቅጂዎቹን ሰምተው «የለም» ብለው ፈረሙ። መርከቦቹም ማለፍ ጀመሩ።

የተቋሙ ጀልባ እምም የሚል አሮጌ የውሃ መሳቢያ ነበራት። እህታችን ከማዳመጣቸው በፊት ቅጂውን ከዚያ እምምታ ማጽዳት ልማዳቸው ነበር። መርከቦቹ ማለፍ ከጀመሩ በኋላ አንድ ጊዜ መሳቢያው ተበላሽቶ ለጥገና ወጣ፤ ጀልባዋም የሚገባባት ውሃ በባልዲ እየተቀዳ ወደ ሰሜኑ መተላለፊያ ሄዳ ተመለሰች። ቅጂው ላይ ግን እምምታው አለ። ለካ ዓሣ ነባሪው በመሳቢያው ቃና ይጮህ ኖሯል፤ እህታችንም በየጊዜው በገዛ እጃቸው ሲያጠፉት ኖረዋል። «ጉድ የሠራኝ ጆሮዬ ሳይሆን ጽዳቴ ነው» አሉኝ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ።

አለቃቸው «የተፈረመ ነገር ነው፤ ይተዉት። ስምዎን በገዛ እጅዎ አያበላሹ» ብለው መከሯቸው። እሳቸው ግን «የለም ያልኩት እኔ፣ አለ የምለውም እኔው ነኝ» ብለው ሪፖርታቸውን በጉባኤ ፊት ሻሩ። ከኃላፊነት ተነሡ። ከብዙ ክርክር በኋላ መርከቦቹ በሌላ መንገድ ዞሩ። ሹመቱ የቆጨው እኔን ነው፤ እሳቸውን ያንገበገባቸው፣ በእሳቸው ፊርማ መርከብ ሲያልፍ በከረመበት ባሕር የተረፈ ስለመኖሩ አለማወቃቸው ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ከዚያው መተላለፊያ የተቀዳ አዲስ ድምፅ ሆስፒታል ድረስ ይዘውላቸው መጡ። እህታችን ማዳመጫውን በጆሯቸው አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ማዳመጫውን ተቀባብለን ወፍራሙን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። ከሥሩ ያለውን ቀጭኑን የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ወልዳለች» አሉን።

ማክሰኞ ማለዳ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ወንድሞቻቸው ከእሳቸው ተለይተን ቀርተናል። ድምፁ የደከመውን ሁሉ የሚሰማ አምላክ፣ የእህታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበልልን።