ያለ ፍላሽ የተነሳው ፎቶ

ለታናሿ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ድምፅሽ እንደ ወንድ ጎርንኖ ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? የትንሿ ጥርስስ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም እንደተውሽው ነው፤ የጓዳው በር አሁንም ካልገፉት አይዘጋም።

ይህን የምጽፍልሽ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ ቁጭ ማለት ከተባለ። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። የተወለወለ ሌንስ እንደገና እወለውላለሁ፣ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድብሽ በዚህ ምክንያት ነው። ወደ እናንተ ከተማ ዕቃ የሚጭነው ሹፌር ከሰዓት በኋላ መጥቶ ፖስታውን ይወስድልኛል። በስልክ ያልጻፍኩልሽ አባባ ስልኬን እያስከፈቱ የተላላክነውን ሁሉ ስለሚያዩ ነው። «ወፌ ምን አለች?» ይላሉ፣ በዚያው በቁልምጫ ስምሽ። ያላልሽውን ጭምር እንድነግራቸው ይፈልጋሉ።

ትናንት ስትደውዪ ዝም ያልኩብሽ ተቀይሜ አይደለም። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አባባም አጠገቤ። የላክሁልሽን ፎቶ አንስተሽ «አባባ እንዴት አምሮባቸዋል፣ ወጣት ሆነዋል እኮ» ስትዪ ፈገግ አሉ። ቀጥለሽ «እንዲህ ከሆኑማ ፈቃዴን አሁን አላባክነውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹን ይዤ በሰፊው እመጣለሁ» ስትዪ እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ለአንቺ ምን እንዳሉሽ ታስታውሻለሽ፤ ሥራሽን አክብሪ፣ እኛ የትም አንሄድም። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር አይዘኝም።

አባባ ስለ ጤናቸው አንዲት ቃል እንዳልጽፍልሽ አስምለውኛል። በእናታችን ስም ነው ያስማሉኝ፤ ስለዚህ አልጽፍም። ስለ ፍላሽ እንዳልጽፍ ግን አልማልኩም።

እንደምታውቂው እኔ ፎቶ የተማርኩት ከለቃቀምኩት ነው። የፎቶ ቤቱ የቀድሞ ባለቤት ተበላሹ ብሎ ከሚጥላቸው ፎቶዎች፣ ከካሜራ ካርቶን ውስጥ ከሚወጡት ቋንቋቸውን ከማላውቃቸው ወረቀቶች ሥዕሉን ብቻ እያየሁ፣ አሁን ደግሞ ስልክ ላይ ከሚገኝ ቪዲዮ። ለሰው በአንድ ቀን የሚገባው እኔን ወራት ይፈጅብኛል። ቀትር ላይ ደጅ በፍላሽ ማንሳትም እንደዚያው ነው የሆነብኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ፊት ታበላሻለች። የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይንጠለጠላል፣ ጉንጭ ከገባበት የበለጠ ይገባል። ያንን ጥላ የሚያነሳው ፍላሽ ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ ማብራት ዝናብ ላይ ቆሞ አትክልት ማጠጣት ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ ውጤቱን እስክታይ ድረስ ማለቴ ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። ከበስተኋላ ያለው የልብስ ገመድና የውሃ በርሜል እንዲደበዝዝ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ስከፍተው ብርሃን ይበዛል። ብርሃኑን ለመቀነስ ካሜራውን ሳፈጥነው ደግሞ ፍላሹ አይደርስም። ካሜራው ውስጥ ሁለት መጋረጃዎች አሉ። በጣም ሲፈጥኑ አንዱ ተከፍቶ ሳያልቅ ሌላው ይከተለዋል፤ በመሃላቸው የሚያልፈው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። ፍላሹ አንዴ ብልጭ ሲል የሚያገኘው ስንጥቁ የደረሰበትን ቦታ ነው፤ የቀረው ይጨልማል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በልብስ ሰፊዋ ላይ ነበር። ከአፏ በታች ጥቁር ወረደባት። ፎቶውን አየችና «እኔ ሁለት አገጭ ይዤ ነው የመጣሁት፤ አንዱን እንኳን መልሽልኝ እንጂ» አለችኝ። ብዙ ቀን እንደዚያ አገጯን ስሰርቃት ከረምኩ። በኋላ ፍላሹ ጀርባ ላይ የመብረቅ ምልክት ያለበት፣ እስከዚያ ቀን ነክቼው የማላውቀው ቁልፍ አገኘሁ። እሱን ሲጫኑት ፍላሹ አንዴ ቦግ ብሎ መጥፋቱን ይተውና ስንጥቁ ከላይ እስከ ታች እስኪያልፍ ድረስ ይርገበገባል። ለዓይን አንድ ብልጭታ ነው፤ ፎቶው ግን ሙሉ ይወጣል። የሚያስከፍለው ነገር ቢኖር ብርሃኑ መድከሙ ነው፤ ስለዚህ ፍላሹን ከሰውየው ፊት በጣም ማስጠጋት ያስፈልጋል። ባትሪም ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ስሞክር አባባ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ካለው ወንበር ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን «ከዓይን ሥር ያለውን ያጠፋል ነው የምትይው?» ብለው ጠየቁኝ። ያጠፋል አልኳቸው። «እንግዲያው እኔን አንሺኝና ለወፌ ላኪላት» አሉ። አባባ በራሳቸው አፍ ፎቶ አንሱኝ ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔም ሰምቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ለምን ብዬም አልጠየቅኩም።

አምና የላክሽላቸውን ኮት ለበሱ፤ ያን ጊዜ ትከሻው ጠበበኝ ያሉሽን። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ኮቱን ከኋላ እየሰበሰበች ወጋጋችው። ከፊት ለፊት ሲታይ በልክ የተሰፋላቸው መሰለ። «ለሙሽርነት ነው እንዴ?» ስትላቸው «አንቺ ከፈቀድሽ» አሏት። ስትስቅ ስፒሎቹ መሬት ተበተኑ፤ አባባ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በጫማቸው ጫፍ እየጠቆሙ ያሉበትን ያሳዩዋት ነበር።

ፍላሹን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስሬ ነጭ ጨርቅ ጋረድኩበት። ልብስ ሰፊዋ ጉንጫቸው አጠገብ ያዘችው። «ይቺ ሴትዮ ፀሐይ ተሸክማ መጣችብኝ» አሉ። በካሜራው ስመለከት ልጆች ሆነን የምናውቃቸው አባባ ተቀምጠዋል፤ ሰማዩ ጠልቆ ሰማያዊ፣ በርሜሉ ደብዝዞ፣ ዓይናቸው ውስጥ ነጭ የብርሃን ነጥብ። በየመሃሉ «አሳዪኝ» ይሉኛል። ከዓይናቸው ሥር ያለውን እያስጎሉኝ አስጠግተው ያያሉ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋን «ትንሽ ጠጋ አድርጊው፣ ትንሽ ከታች» እያሉ የሚያዟት እሳቸው ሆኑ። ምን እያሠሩኝ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እጄ ግን አላቆመም። ያምር ነበር እኮ። ይህን ያህል የሚያምር ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አንቺ ያየሽው ፎቶ ያ ነው።

መጻፉን አቋርጬ ነበር። አንድ ሰውዬ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ «ትንሽ ፀጉር ጨምሪልኝ» ሲለኝ ቆየ። እሱ ሲወጣ አባባ ከደጅ ጠሩኝ። ለማን ነው የምትጽፊው አሉ፤ ለወፌ አልኩ። «አንብቢልኝ» አሉ። ስለ መጋረጃዎቹና ስለ ልብስ ሰፊዋ አገጭ ያለውን አነበብኩላቸው። ሳቁ፤ ሳቁ እስኪያልፍላቸው ጠብቄ ውሃ አቀበልኳቸው። «ከፍላሽ ሌላ ወሬ የለሽም እንዴ? እህትሽ ትሰለቻለች» አሉ። የለኝም አልኳቸው። ረክተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የት ደረስኩ? አዎ። ያ ፎቶ ከተነሳ በኋላ «በቃኝ» ብለው ከወንበሩ ሲነሱ ልብስ ሰፊዋ እንጨቱን ጥላ ያዘቻቸው። ጣቴ ካሜራው ላይ ነበርና ሳላስበው ተጫንኩት። ባትሪው አልቆ ኖሯል፤ ፍላሹ አልበራም። ፎቶው ግን ተነሳ። አባባ እሱንም አሳዪኝ አሉ። ረዘም አድርገው ሲያዩት ቆዩና «ይቺን አጥፊያት» አሉኝ። እሺ አልኩ። አላጠፋሁም።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ፎቶ ታገኛለሽ። ትልቁን ሳሎን ስቀይው፤ አባባ የሚፈልጉት እንደዚያ ነው። ትንሹን ልጆቹ ሳያዩሽ ለብቻሽ፣ መስኮት አጠገብ ሆነሽ እይው። ፊታቸውን ብቻ አትይ። የኮቱን ጀርባ እይ። የልብስ ሰፊዋ እጅ የት ጋ እንደያዛቸው እይ። ሁለቱም የተነሱት በአንድ ቀትር፣ በአንድ ወንበር አጠገብ ነው። በመሃላቸው ያለው ልዩነት የእኔ ፍላሽ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ፎቶ ማየት አስተምሬሻለሁና ከዚህ በላይ የምጽፍልሽ የለም።

ስለ ፈቃድሽ ምንም አልልም፤ የአለቃሽን ጠባይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰሞኑን አልበሙን ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አየሁ። አባባና እኔና አንቺ ሦስታችን ያለንበት ፎቶ የለንም። ሁልጊዜ አንዳችን ካሜራውን ይዘን ነበር። አሁን ልብስ ሰፊዋ ማንሳት ተምራለች፤ አገጭም አትሰርቅም። ወንበሩ እዚያው በሩ ላይ ነው። የፍላሹን ባትሪ በየማለዳው እሞላዋለሁ። ትናንት ሞልቼው አልተነካም፤ ዛሬም ሰካሁት።

ሹፌሩ ከመንገዱ ማዶ መኪናውን እያቆመ ነው። አባባ «ሰላም በያት፣ ደህና ነኝ በያት» ብለዋል። እንዳሉኝ ጽፌያለሁ፤ ቃሉ የእሳቸው ነው።

አንቺንም ባለቤትሽንም ልጆችሽንም ክፉ አይንካችሁ። ጤና አትጡ። መንገድ ከወጣሽ መንገዱ ይቅናሽ፤ በራችንን ስታንኳኪም «ማን ነው?» የሚልሽ ድምፅ አትጪ።

ታላቅሽ