በሌለ ቤት ውስጥ ስለተያዘችው ልጄ

ለክቡር የከተማችን አደባባዮች አስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደምን እንዳሉ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እንዲያውም ብዕር ያስነሣኝ ደስታ ነው። የእርስዎን መሥሪያ ቤት ያህል የልጄን ጥበብ ከምር የወሰደ ተመልካች እስከ ዛሬ አልተገኘምና።

ልጄ የቪዲዮ ጥበብ ትሠራለች። እኔ ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስለቆመ ነገሩ ቶሎ አልገባኝም ነበር፤ «እማዬ፣ ጨዋታ ነው፤ ግን የምር ጨዋታ» ብላ ነው ያስረዳችኝ። ባለፈው እሑድ፣ ቤታችንን አፍርሰው እብነ በረድ ባነጠፉበት አደባባይ መካከል ቆመች፤ ጓደኛዋም ካሜራ ደገነች። ልጄ የሌለውን በር ከፈተች፣ ካፖርቷን በሌለው ሚስማር ላይ ሰቀለች (ካፖርቱ ወደቀ እንጂ)፣ ጎንበስ ብላ የሌለውን ምድጃ ለኮሰች። ዳር ቆሜ ስስቅ፣ የድሮ ጎረቤቴ «እትዬ፣ የእኛስ ሳሎን የት ጋ ነበር?» ብላ እጄን ጎተተችኝ። ወዲያው ያ ሁሉ የተበተነ የሰፈር ሰው የየራሱን በር እያንኳኳ ገባ። ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀ፤ ጠጠር የወረወረ ግን የለም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ፦

፩. ዘበኛዎ ልጄን ሊይዝ ሲገሰግስ ሕዝቡ «ኧረ ጋሼ፣ በግድግዳ አይገባም!» ቢለው፣ ደንገጥ ብሎ ዞረና በበሩ በኩል ገባ። ለዚህ ጨዋነቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ክንዷን ጠምዝዞ ከትከሻዋ ያወለቀው ከገባ በኋላ ነውና።

፪. ክሱ «ያለ ፈቃድ ቤት ገብታ፣ ከማእድ ቤት ወደ መኝታ ክፍል ስትሸሽ ተይዛለች» ይላል። ስንት ጊዜ ደጅ ስጠናዎ «እዚያ ቦታ ላይ የሚታወቅ ቤት የለም» ሲሉኝ ኖረው፣ የክፍሎቹን አቀማመጥ እንኳ ሳይስቱ ስለጻፉልኝ እጅ ነሥቻለሁ።

፫. ትናንት ላስፈታት ብመጣ ጸሐፊዎ በፈገግታ «ቤት ያለው ዋስ አምጪ፣ እናቴ፤ ካርታውንም እንዳትረሺ» አለችኝ። የእኔ ካርታ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም የመታው እጅዎ ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ ካርታም እንደኔው ነው፤ ዘመዶቼ በኪራይ ያሉ ናቸው። ልጄ ክንዷ እንዳበጠ፣ ሐኪም ሳያያት፣ ሲሚንቶ ላይ ትተኛለች። ዛሬ በበር ቀዳዳ ስትጠራኝ ድምፅዋ የሕፃንነቷ መሰለኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ያ ቤት ለክስ ከበቃ ለዋስትናም ይብቃ፤ የራስዎ ጽሑፍ ካርታ ይሁነኝ። ቤቱ ከሌለ ደግሞ ልጄ የገባችበት የለም፤ ይልቀቋት። ከሁለቱ ያሻዎትን ይምረጡ፤ እኔ አመስጋኝ ሰው ነኝ፣ የትኛውንም በእልልታ እቀበላለሁ። ብቻ ክንዷ ሳይበሰብስ ይሁን።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ በርዎንም ሳያንኳኳ የሚገባ እንዳይኖር የምመኝልዎ፣
አክባሪዎ የተከሳሿ እናት፤
አድራሻ፦ ለጊዜው ከእስር ቤትዎ በር ላይ።

ማሳሰቢያ፦ ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው፣ ዘበኛው ከመግባቱ በፊት ጫማውን ጠርጓል። ቤታችን ቆሞ ሳለ ከመሥሪያ ቤትዎ የመጡት ሁሉ ግን ከነጭቃቸው አልጋችን ላይ ነበር የወጡት።