ክረምት የወጣ ካሚዮን

መስከረም ፬ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.፣ መተማ። ጧት።

ዳሱ ሌሊቱን ሲያፈስ አድሯል። ሣር አስደረብሁበት። ካሚዮኑን አልነካውም፣ ደህና ነው። ከጎማው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ባላስገባ ኖሮ ዋልካው ይውጠው ነበር። ይህ አፈር አንዴ ከያዘ ሰውም አይለቅ፣ ጎማም አይለቅ።

ተስፋይ መጥቶ ሞተሩን አስነሣ። ሹፌር ነው፣ የሐማሴን ሰው። በየሳምንቱ ብቅ ይላል፣ ዘይቱን ያያል፣ ትንሽ ያስጮኸዋል፣ ቁርሱን በልቶ ይሄዳል። ከዳስ እንዳያወጣው አዝዣለሁ። አዲስ እንደ ሆነ ይቆይ። ዋጋው አዲስነቱ ነው።

ሰፈሩ ይስቅብኛል። በቅሎ ነጋዴ መኪና አስሮ ይቀልባል ይላሉ። ይሳቁ። አንቺ ደብተሬ ብቻ አትሳቂ።

መስከረም ፲፩። ከሰዓት በኋላ።

ዝናብ። ሐጂ ኑርሑሴን በዚያ ጭቃ ሊጠይቁን መጡ። ደግ ሽማግሌ። በሚያዝያ በቅሎዎቼን ሁሉ የገዙኝ እሳቸው ናቸው። ብር ሲያጥራቸው በብሩ ፋንታ ካሚዮኑን ሰጡኝ። አላታለሉኝም። ቀለሙ ያንጸባርቃል፣ አንድ ኩንታል አልጫነም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወስጄ በሳምንት እሸጠዋለሁ ብዬ ነበር። ዝናቡ ቀደመኝ። መንገዱ ተዘጋ፣ እኔም ቀረሁ፣ ካሚዮኑም ቀረ።

ለምን እንደምሸጠው ልጻፍና ይውጣልኝ። እንጉዳይ፣ ባለቤቴ፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የፊተኛዋን ልጃችንን እዚህ ቀበርን። ንዳድ ነው የወሰዳት፣ ዳዴ ማለት ጀምራ ነበር። እዚህ ቆላ አልወልድም ብላለች። ጭልጋ፣ እናቷ ዘንድ እወልዳለሁ ብላለች። እኔም ቃል ሰጥቻለሁ። ካሚዮኑ ይሸጣል፣ በሬ ይገዛል፣ ጎጆ ይቀለሳል፣ እንወጣለን።

ባዶ እጄን ግን አልገባም። ከደጋ ስወርድ፣ በሬ ነድቼ እመለሳለሁ ብዬ ለወንድሞቿ የተናገርሁትን አፌ ያውቃል። እነሱም አይረሱ።

መስከረም ፳፱።

ዝናቡ አባራ። ፀሐይ። ሙቀቱ ከጭቃው ብሷል። ሰሊጥ አጫጆች ከደጋ እየወረዱ ነው፣ ገሚሶቹ ከመድረሳቸው በንዳድ ይንቀጠቀጣሉ። እንጉዳይ በር ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ሲወርዱ ታያለች፣ እኛ የምንወጣው መቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? መንገዱ ይድረቅ እላለሁ። መንገዱ ይድረቅ ማለቱ ብቻውን አደከመኝ።

ጥቅምት ፲፪።

መንገዱ ደረቀ! ዛሬ ሁለት የጣልያን ካሚዮን ከጎንደር በኩል አቧራ እያስነሣ ገባ። ጭቃ ስረግም ከርሜ አቧራ አይቼ ደስ አለኝ።

ሐጂ ሰው ልከውልኛል። ገዢ ተገኝቷል። ዑስማን ይባላል፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያለ የሙጫና የሰሊጥ ነጋዴ ነው። መኪና እየገዛ ገዳሪፍ ላይ መልሶ ይሸጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ካሚዮኑን ከላይ እስከ ታች አሳጠብሁት። እንጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ጥቅምት ፲፱። ከቀኑ ፮ ሰ.

መጣ። ጀለቢያው ነጭ፣ ሳቁ ቅርብ። መካኒክ ይዟል። ካሚዮኑ ሥር ገቡ፣ ወጡ። ተስፋይ አስነሣው፣ ሳያስለምን ተነሣ። ዑስማን ጎማውን በጣቱ ዳሰሰው። አዲስ ጎማ ላይ የምትበቅለው የላስቲክ ጠጉር አንዷም አልረገፈች። ራሱን ነቀነቀ። ዋጋ ጠራ።

ደብተሬ፣ እንዴት ያለ ዋጋ! ሁለት ጥንድ በሬ፣ ጎጆ፣ ዓመት የሚያበላ እህል። እንጉዳይ ከጓዳ ሆና ስታስል ሰማኋት። ተቀበል ማለቷ ነው።

አፌን ይዝጋው! ልጨምርበት ፈለግሁ። የነጋዴ አፍ ሲሞላለት ዝም አይልም። «ደግሞ እወቀው» አልሁት፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ክረምት የወጣ ነው። እዚሁ መተማ።»

በቅሎ ብትሆን በዚህ ቃል ዋጋዋ እጥፍ ይሆን ነበር። ከደጋ የወረደች በቅሎ የመጀመሪያውን ክረምት አትሻገርም፣ ዝንቡና የገንዲ በሽታው ይፈጇታል። ክረምት ከወጣች ግን ቆላውን ለመደችው ማለት ነው፤ ገዢ ይሻማባታል። ዕድሜ ልኬን ስሸጥ መጨረሻ ላይ የምመዝዘው ቃል ይህ ነው። መዘዝሁት።

ዑስማን እጁን ከጎማው አነሣ። «ያ ዙል፣ ኸሪፉን እዚህ ነው የከረመው?» አለኝ። ዙል ሰውዬ ማለት ነው፣ ኸሪፍ የሚሉት ክረምቱን ነው። አዎን አልሁት፣ አሁንም በኩራት! ለመካኒኩ በዓረብኛ አንድ ነገር ጣል አደረገለት። መካኒኩ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጣት የምታህል ቆርቆሮ በጨርቅ ጠረገ። ቁጥር ተቀርጾባታል። የተሠራበት ዓመት ነው። አምና።

ከዋጋው ሩቡ ወደቀ። እዚያው፣ እኔ ቆሜ።

ያው ቀን። ማምሻውን።

አልሸጥሁም። ጤነኛ ከብት በአንካሳ ዋጋ ሸጬ አላውቅም አልሁት። እሱም አልተቆጣ፣ አልለመነኝም። ሐሳብህ ከተለወጠ ገላባት አለሁ ብሎ ሄደ።

እንጉዳይ ነገሩን አልገባት ብሎ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አንድ እርምጃ ያልሄደ መኪና እንዴት አሮጌ ይሆናል? እኔም አልገባኝ። ክረምት የወጣ ነው ማለቴን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ከልቧ፣ ሆዷን ይዛ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ምን ይባላል?

ጥቅምት ፳፩።

በንዴት ተስፋይን ጠርቼ ቁጥሩን አስነበብሁት። በፈረንጅ አቆጣጠር ሠላሳ ስምንት ይላል። እኛ ገና ሠላሳ ሁለት ነን። በእኛ ቆጠራ ይህ መኪና ገና አልተሠራም! ሳይወለድ ያረጀ። ተስፋይ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት ፳፬።

ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ልወቅሳቸው ነበር፣ ስደርስ ወቀሳው ከአፌ ጠፋ። እሳቸውም ሲገዙት አዲስ ብለው ነው የገዙት፣ አዲስም ነበር። በፈረንጅ የሠላሳ ዘጠኙ ሥሪት ገና ወደብ አልደረሰም ነበር። ዘንድሮ ደረሰ። ገዳሪፍ ተደርድሯል ይላሉ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። የማንም ያልሆነ ጥፋት ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

አልሄደም፣ አልጫነም፣ ጎማውን አዩት አይደል ወይ እያልሁ ተሟገትሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ዑስማን እኮ አንተን ውሸታም አላለህም። እሱ የሚያየው ካሚዮኑን አይደለም፣ ከሱ የሚገዛውን ሰውዬ ነው። ያ ሰው ስንተኛ ዓመቱ ነው ሲለው፣ አንድ ደግ ክርስቲያን ዳስ ውስጥ አስሮ ሲቀልበው ከርሟል ይበለው?»

የበቅሎ ዕድሜ አፏ ውስጥ ነው። ከንፈሯን ገልጠህ ጥርሷን ታያለህ፣ የበላችው ሣር፣ የሄደችው መንገድ ሁሉ እዚያ አለ። የዚህ ዕድሜ አይቶት የማያውቅ ሰው በሩቅ አገር የመታው ቁጥር ነው።

ጥቅምት ፳፯።

ተስፋይ ዛሬ ዙሪያ ጥምጥም ሲናገር ቆየ። ቆርቆሮዋ በሞረድ ብትታሽ ማን ያውቃል ማለቱ ነው።

ብቻዬን ስሆን ሞረድ ይዤ ገባሁ። የማልዋሸው አንቺን ብቻ ነው። ክዳኑን ከፈትሁ። የበቅሎ ጥርስ ሞርደው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ስንቱን አጋልጫለሁ! የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ካረጀ ጥርስ ይብሳል፤ ገዢ ያንን ካየ ስለ እግሯም ስለ ጀርባዋም አያምንህም። ክዳኑን ዘጋሁ። ጨዋነት ይሁን ፍርሃት አላውቅም። ደክሞኝም ይሆናል።

ኅዳር ፫።

ኩራቴን ዋጥሁና ተስፋይን ገላባት ላክሁት። በዚያው ባወረደው ዋጋ እሸጥልሃለሁ በልልኝ አልሁ። ተስፋይ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። ዑስማን አዲሶቹን ገዝቷል። ያንተን አሁንም እወስዳለሁ፣ ግን በመጀመሪያው ዋጋ ግማሽ ብሏል።

ግማሽ። አንድ በሬ፣ የተበደረ ማረሻ፣ የወንድሞቿ ፈገግታ። ይቆይ አልሁ። ሌላ ገዢ ይመጣል። ከሸሕዲ ወይም ከጎንደር።

እንጉዳይ አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋን አልወደድሁትም።

ኅዳር ፲። ጧት።

ንዳድ ያዛት። ሌሊቱን ጥርሷ ሲፋጭ አደረ። እርጥብ ጨርቅ እየቀያየርሁ አደርሁ። ያች የቀበርናት ልጅም እንዲህ ነው የጀመራት። እግዚኦ። ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር ፲፬።

ለቀቃት። ተመስገን። ፊቷ ሊጥ መስሏል። አዋላጇ ሆዷን ዳብሳ ልጁ አለ አለች። እኔ ከዳሱ ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። ከዚያ አዋላጇ ለብቻዬ ጠራችኝ። ንዳዱ ይመለሳል፣ ሁለተኛውን ልጁ አይችለውም፣ የምትወጣ ከሆነ አሁን ትውጣ፣ ቀኗ ከገባ ግን መንቀሳቀስ የለም አለችኝ። ለዑስማን ልላክ? አልላክ? ግማሽ! ሰው እንዴት በግማሽ ይሸጣል?

ኅዳር ፲፯።

እንጉዳይ ዛሬ ዕቃ ስትቋጥር ደረስሁ። ድስት፣ የቅቤ ቅል፣ የዚያች የቀበርናት ልጅ ማዘያ። ወዴት ነው ብላት ነገ ጨው ነጋዴዎች ወደ ጭልጋ ይወጣሉ፣ ከነሱ ጋር በእግሬ እሄዳለሁ አለች። በእግሯ! ቆማ መዋል የማትችል ሴት!

ጮህሁባት። ትንሽ ታገሺ፣ ገዢ ይመጣል፣ ያኔ እንደ ሰው እንገባለን አልሁ። አልጮኸችም። ቋጠሮዋን አጥብቃ አሰረችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ካሚዮኑንስ አዲስ አርገህ ታቆየዋለህ» አለችኝ። «እኔን ምን አርገህ ልታቆየኝ ነው?»

ወጥቼ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥሁ። ተስፋይ መጣ፣ እንደ ልማዱ ሊያስነሣው። ለምን እንደሚያስነሣው ጠየቅሁት። እንዳይበላሽ ነው አለ። ላለመበላሸት ብቻ የሚነሣ ሞተር። ሰባት ወር ሙሉ ሲጮህ ሰምቼው አንድ ቀን እንኳ የት ያደርሰን ይሆን ብዬ አላሰብሁም። አዬ እኔ! ቤቴ ደጃፍ መኪና ቆሞ ሚስቴ በእግሯ ልትሄድ ዕቃ ቋጠረች።

ነገ እንወጣለን። ሳይሸጥ። በካሚዮኑ።

ኅዳር ፲፰።

ዛሬ አልሆነም፣ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሐጂ ጣልያኑ ሹም ዘንድ ሄደው አስገኙልኝ። ስንሰነባበት ተሳስቻለሁ ወይ አልኋቸው። እንደ ነጋዴ አዎን፣ እንደ ባል ግን ዘገየህ እንጂ አልተሳሳትህም አሉ።

ስሌቱን ለአንቺ ልናገር። አንዴ ከተነዳ ዑስማን ግማሹንም አይሰጥም። ጭልጋ ላይ ደግሞ ዓመቱን የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚገዛኝም የለም። መንገዱ ላይ ጣልያን አለ፣ ጫካውም ሸፍቶ የሚዋጋ ሰው አለው፣ ሁለቱም ካሚዮን ይወዳሉ። ወንድሞቿ በሬህስ ይሉኛል። በሬዬ ይኸው፣ ዘይት ይጠጣል እላለሁ። ይሳቁ። እፍረቱ ለኔ፣ እናቷ ለሷ።

ኅዳር ፲፱። ጧት፣ ካሚዮኑ ውስጥ።

ዳሱን አፈረስነው። ተስፋይ መሪው ላይ፣ እንጉዳይ መሐል፣ እኔ በር ላይ። መቀመጫው ከተሠራበት አገር የመጣ ወረቀት ለብሶ ነበር። እንጉዳይ ስትቀመጥ ተንኮሻኮሸ። ተነሥታ ከዳር እስከ ዳር ቀደደችው፣ ጨምድዳ በመስኮት ጣለችው፣ ልጁን ያስደነግጥብኛል ብላ። ልቤ ድንግጥ አለ፣ የነጋዴ ልብ ነውና።

ተንቀሳቀስን። ጽሕፈቴ ካልተነበበልሽ ይቅር በይኝ፣ እጄን የሚያንቀጠቅጠው ሞተሩ ነው። ገና ከመነሣታችን ቀለሙ አቧራ ለበሰ። ይልበስ። እንጉዳይ ተስፋይን ቀስ በል ትለዋለች፣ ወዲያው ደግሞ ምነው አትፈጥንም ትለዋለች። እጇን ጭኔ ላይ አሳርፋለች። ከተጋባን ወዲህ ሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም፣ እኔም ብዕሬን ላስቀምጥና እጇን ልያዝ።