ለዐብዱልከሪም የተገዛው ድስት

ይድረስ ለልጄ ለዝናሽ። በሰው አገር መውጫ መግቢያሽን መድኃኔዓለም ይጠብቅልሽ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ነው የሰለቸኝ።

አዘዞ እንደምታውቂው አይደለም። ግቢያችን ከዛሪማም ከጭልጋም የመጡ ተከራዮች አሉ፤ ጧት በየቋንቋቸው ሲያወሩ ከሰላምታው በቀር አይገባኝም። ሸጋ ሰዎች ናቸው።

ያደከመኝስ ጎረቤታችን ዐብዱልከሪም ነው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቴ እህል አይቀምስም። ሽሮ ሠርቼ ብጠራው «አያ አድማሴ፣ በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። «ረመዷን አልፏል፣ ምነው?» ብለው ሳቀና ድስቴን አየት አደረገው። ያኔ ገባኝ። እናትሽ ለእስላም እንግዳ ሥጋችን ያልነካው ድስት ትለይ ነበር፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ስለማላውቅ ሁሉንም ደባልቄ ሠራሁባቸው።

ቅዳሜ ትክል ድንጋይ ገበያ ሄጄ አዲስ ድስት ገዛሁ፤ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ለእሱ መናገሩ ግን አፌን ያዘኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ድስት ማስረዳት አይሆንልኝም። እስቲ አንቺ ደውይለትና «አባቴ የእናቴን ወግ ይዟል፣ ሳይሳቀቁ ይብሉ» በይው። ብቻዬን መብላት መሮኛል።

እግዜር እንጀራሽን ያብዛው፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። እኔ ያዘዝሁሽ ግን አይምሰል።

አባትሽ አድማሴ