ሠላሳ ሁለተኛው መስመር

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ዛሬም ነፋስ። ኪቦርዴ አቧራ ጠጥቶ ጠዋት አንዳንዱ ቁልፍ አልሠራ አለኝ። ገልብጬ መታ መታ አደረግኩት። ግማሽ ወንጂ ከውስጡ ወጣ።

ቢኒያም ምዕራፍ አራትን ሰጠኝ። ያለ ማውዝ፣ በቁልፍ ብቻ ጽሑፍ ውስጥ መንቀሳቀስ። ቀስቶቹ፣ ሆም፣ ኢንድ፣ ፔጅ አፕ፣ ፔጅ ዳውን። ለኅዳር መጨረሻ ይድረስ አለ።

«ማንም አያነበውም፣ የሺ። አትጨናነቂ።»

«ታዲያ ለምን እጽፈዋለሁ?»

«ውሉ ላይ አለ።»

ቢኒያም አለቃዬ ነው፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ። ቢሮው ውስጥ አራት ነን። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እንሠራለን፣ ስሙ «ድጉስ» ነው፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ሞጆ ያለ የትራንዚት ድርጅት ነው… ይህን ለራሴ ምን ያስጽፈኛል? ማኑዋል መጻፍ አመል ሆነብኝ።

የዛሬ ሥራ፦ «የታች ቀስት ጠቋሚውን አንድ መስመር ወደ ታች ያወርዳል።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነት ነው። ወደ ቤት ሄድኩ።

ወንድሜ ደገፋ ወንበሩ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ጠፍቷል። ምሳ በላህ? «በላሁ።» ድስቱን ከፍቼ አየሁ። አልበላም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ሁለት ዓይነት መንቀሳቀስ አለ ለካ። በአንደኛው ጠቋሚው ይሄዳል። በሁለተኛው ገጹ ብቻ ይሄድና ጠቋሚው ባለበት ይቀራል። ፕሮግራመራችን ኢዩ ነው ያስረዳኝ። አሥራ አምስት ዓመት ታይፒስት ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

«ስክሮል» በአማርኛ ምን ይባል? ኢዩ፦ «ስክሮል።» ቢኒያም፦ «ማንከባለል።» በርሜል ታየኝ። እኔ፦ «ማንሸራተት።» ቢኒያም የሙዝ ልጣጭ ታየኝ አለ። ከሰዓቱ በሙሉ በዚህ አለቀ። ማንሸራተት አሸነፈ። መውጫ ሰዓት ስለደረሰ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የደገፋን ሸሚዝ ተኮስኩ። የት ሊለብሰው?

ሁለት ዓመት ሆነው። ወንጂ መንገድ ላይ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ፣ እሱ ከሥር። እሱ ተረፈ፣ ቀኝ እጁ አልተረፈም። ተንጠልጥሎ አለ፣ አይሠራም። ከዚያ በፊት ሞጆ ደረቅ ወደብ አሥራ ስድስት ዓመት ትራንዚተር ነበር። የጭነት ሰነድ ሲያነብ ጠላትም ወዳጅም ዝም ይላል ይሉ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ አንዴ ብርቱካን ይዘው መጡ። «እንደውልልሃለን» አሉ።

ያኔ ላፕቶፔን ሰጥቼው ነበር። ማውዙን በግራ እጁ ያዘ። ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ዝንብ በረረች። ክዳኑን ዘጋው። ድጋሚ አልነካውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ቢኒያም፦ «ምዕራፉ ማውዝ በማይነካ ሰው ይሞከር።» ሞከርን። ኢዩ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ነካ። ቢኒያም «አልነካሁም» እያለ ነካ።

ሰው አውቃለሁ አልኩ። ምን አስለፈለፈኝ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ጠየቅኩት።

«ለምን እኔ?»

ጥሩ ነገር ልናገር ፈለግኩ። ጎበዝ ስለሆንክ፣ ምናምን። «ማውዝ መያዝ ስለማትችል» አልኩት።

አለቀልኝ ስል ሳቀ። መቼ ነበር የሳቀው? አላስታውስም።

«ቢያንስ አልዋሸሽም። አምጪው።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ማኑዋሉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እንደ ዜና አንባቢ። «ወደ ጽሑፉ መጀመሪያ ለመሄድ የኮንትሮልን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ፣ በሌላ እጅዎ ሆምን ይጫኑ።»

ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«በየትኛው ሌላ?»

ሰረዝኩት። ከዚያ ሙሉውን ማኑዋል ፈለግኩ። «በሌላ እጅዎ» አሥራ አንድ ቦታ አለ። አሥራ አንዱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ማታ የማበላው ሰው ይህ ነው…

ኢዩን ደውዬ ጠየቅኩት። ሺፍትን አምስት ጊዜ ብትመታው ኮምፒውተሩ ሁለት ቁልፎችን አንድ በአንድ ይቀበላል አለ። ደገፋ መታው። ኮንትሮል። ቆየት ብሎ ሆም። ጠቋሚዋ መጀመሪያው ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሪ ዳ» አለ፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው በኦሮምኛ። አባታችን ነበር እንዲህ የሚለው፣ ሥራ ሲያምርለት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ደገፋ ሦስት ቀን ሙሉ በግራ እጁ ሲጽፍ ነበር። አንድ የድሮ የጭነት ዝርዝር፣ ከጭንቅላቱ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር፣ ሁሉም ቁጥር አለው። ለምን አልኩት። «የምሞክርበት ነገር ሰጥተሽኛል? ስለ ላንጋኖ ሐይቅ ሁለት አንቀጽ ነው የሰጠሽኝ።»

ዛሬ ከሥራ ስገባ ጠራኝ። ስክሪኑ ላይ የመጨረሻው መስመር ሠላሳ አንድ። ፔጅ ዳውን ተጫነ። የመጀመሪያው መስመር ሠላሳ ሦስት።

«ሠላሳ ሁለት የት ሄደ?»

ቆጠራህ ነው አልኩት። አሥር ጊዜ አሳየኝ። ወደ ላይ ስንመለስ ሠላሳ ሁለት አለ። ፔጅ ዳውን ስንጫን የለም። የሚቀጥለው ገጽ ላይም አንድ መስመር ጠፋ።

«ልብ የሚለው የለም እኮ» አልኩት። «አንድ መስመር።»

«አንድ መስመር አንድ ኮንቴይነር ነው፣ የሺዓለም።»

ሙሉ ስሜን ሲጠራ አልወድም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ለኢዩ አሳየሁት። ምክንያቱን አገኘው። የአማርኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው ቁመቱ ይበልጣል፤ ፕሮግራሙ ግን አንድ ስክሪን ስንት መስመር እንደሚይዝ የሚቆጥረው በእንግሊዝኛው ነው። «በእንግሊዝኛ አይዘልም» አለ፣ እንደሚጽናና። ማስተካከሉ ሌላውን ሁሉ ይነካል፣ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ማስረከቢያው ታኅሣሥ ሁለት ነው።

ቢኒያም፦ «ካስረከብን በኋላ ይስተካከላል። አትጥቀሺው።»

«ስለ ፔጅ ዳውን ምን ልጻፍ?»

«ቀጣዩን ገጽ ያሳያል በይ።»

«አያሳይም።»

«በአብዛኛው ያሳያል።»

ጻፍኩት። «ፔጅ ዳውን ቀጣዩን ገጽ ያሳያል።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ደገፋ አዲሱን ገጽ አነበበ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ላፕቶፑን ዘጋው። በቀስታ ነው የዘጋው፣ ያ ነው የከፋው። ከዚያ ነገረኝ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

አብዱናሲር የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ደገፋ የእሱን ጭነት ሰነድ ሲሞላ አንድ መስመር ዘለለ። እቃው ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለ። አብዱናሲር የወደቡ በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆመ። ጭነቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። ሻሸመኔ እናቱ ታማ ነበር፣ በስምንተኛው ቀን ሞተች። ሲለቁት ተቀብራ ደረሰ።

«ምን አለህ?»

«ምንም። ሲመለስ ሻይ ጋበዘኝ። ያንን ሻይ እስካሁን አልዋጥኩትም።» ከዚያ፦ «እኔ ደክሞኝ ነበር የዘለልኩት። እናንተ እያወቃችሁ ነው።»

ሳህን አጠብኩ። ንጹሕ ነበር ሳህኑ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ከማኑዋሉ 4.3፦ «ማስጠንቀቂያ። ፔጅ ዳውን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ በየገጹ አንድ መስመር ይዘላል። የጭነት ዝርዝርና ማንኛውንም ሰነድ ሲያነቡ አይጠቀሙበት። እስኪስተካከል ድረስ በታች ቀስት፣ መስመር በመስመር ይውረዱ።»

ለቢኒያም ሰጠሁት። በድብቅ አይደለም። «4.3ን ቀይሬዋለሁ፣ አንብበው» አልኩት።

ስልክ ላይ ነበር። ገለጥ ገለጥ አደረገው። «አሪፍ ነው።»

«ቢኒ፣ 4.3ን አንብበው።»

«አምንሻለሁ፣ የሺ።»

ማኑዋሉ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

አስረከብን። ማኑዋሉ ሰማንያ ስምንት ገጽ፣ በስፓይራል የተጠረዘ። ቢኒያም ኬክ ገዛ። እኔ ድርሻዬን አልነካሁም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ወይዘሮ ተሻለች ደወሉ፤ የሞጆው ድርጅት የሰነድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ደገፋ በዝና ያውቃቸዋል፣ «የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ የሚያነቡ ሴትዮ» ይላል። ቢኒያም አዳምጦ አዳምጦ ስልኩን ሰጠኝ። ፊቱ ወረቀት መስሏል።

«ምዕራፍ አራትን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«መስመር ይዘላል ይላል።»

«ይዘላል።»

«እሺ።» ዘጉት።

ቢኒያም ማኑዋሉን ይዞ ክፍሉ ገባ። ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ሲወጣ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ አንብበው አልኩህ።»

«…ነገ አትምጪ። እደውልልሻለሁ።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

«ተባረርሽ?» አለ ደገፋ።

«አላውቅም። እደውላለሁ ብሏል።»

«አሃ። ለእኔም እንዲሁ ነው ያሉኝ።»

ሁለታችንም ተቀምጠን ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን አየን። አንድ ሰውዬ ስለ ስንዴ ሲያስረዳ ነበር፣ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

አልደወለም። ሥራዬን ያን ያህል እወደው ነበር እንዴ? የታች ቀስትን?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ቢኒያም ራሱ ቤት መጣ። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲታገል አገኘሁት። ግባ አልኩት።

ወይዘሮ ተሻለች እስኪስተካከል አንቀበልም ብለዋል። ግን ውሉን አላፈረሱም፣ እስከ ጥር መጀመሪያ ጊዜ ሰጥተዋል። ከእኛ በፊት ሌሎች ሦስት ድርጅቶች ፕሮግራም አምጥተውላቸው ነበር አሉ። የሦስቱም ማኑዋል ላይ አንድም ችግር አልተጻፈም። ሦስቱም ችግር ነበረባቸው።

«ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?» አለኝ። ይቅርታ አላለም። ሻዩን ግን በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ።

ቀጠለ፦ «አንድ ነገር ጠይቀዋል። የጠፋችውን መስመር ያገኘው ሰው ሞጆ መጥቶ ጸሐፊዎቻቸውን በቁልፍ ማንበብ እንዲያሠለጥን። መቼ ትሄጃለሽ?»

«ያገኘው እኔ አይደለሁም።» ወደ ደገፋ አየሁ። ቢኒያምም አየ።

«ጋሽ ደገፋ፣ እርስዎ ነዎት? እባክዎ…»

«ሞጆ አልሄድም።» ተነስቶ ክፍሉ ገባ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

በሩን ሳይከፍት አናገረኝ።

«ሞጆ የማያውቀኝ የለም። በሁለት እጄ ነው የሚያውቁኝ።»

አውቃለሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ኢዩ ጨርሷል። አዲሱን ይዤለት መጣሁ። ሠላሳ አንድ። ፔጅ ዳውን። ሠላሳ ሁለት። ደገፋ እስከ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። አርባ ጊዜ ይሆናል። እራት ቀዘቀዘ። ጋሪ ዳ አላለም። «ለእነዚያ ጸሐፊዎች ማን ሊነግራቸው ነው?» አለ። ለእኔ ነው ወይስ ለራሱ?

ሰው ራሱን ሲጠይቅ ጣልቃ አይገባም።

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ሸሚዝ እየቆለፈ ነው። በአንድ እጅ። ከላይ ሲጀምር ይዛነፋል፣ ከታች ሲጀምር ይስተካከላል። ልርዳህ ልል አፌን ከፈትኩ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ዘጋሁት።

ሰኞ፣ ጥር 5

ሄደ። ልሸኝህ አልኩት። «ምን ልታደርጊ?» የሞጆ ሚኒባስ ይዞ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም።

ከሰዓት ተመለሰ፣ አቧራ ለብሶ። ስድስት ጸሐፊዎች ናቸው። ገና ሲገባ ሉሊት የምትባል አንዷ «እጅዎ ምን ሆኖ ነው?» አለችው። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። «ባጃጅ» አላት። «ይቅርታ፣ የኔንም እናት የጎዳት ባጃጅ ነው» አለችው። ወሬው በዚያው አበቃ። ከዚያ ማውዞቹን ሁሉ ነቅላችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱ አላቸው። አንዱ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር አለ። እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። ወይዘሮ ተሻለች እስኪያበቃ ከኋላ ቆመው አዩ። ሲወጣ «ረቡዕስ?» አሉት። ሌላ ምንም አላሉም።

እንጀራ ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ደገፋ በሳምንት ሦስት ቀን ሞጆ ነው፣ ማኑዋሉን ሲያስተምር፣ ሰነዳቸውን ሲያነብላቸው። ቢኒያም ምዕራፍ ስምንትን ሰጠኝ። ስለ ማተም። «እኔም አነበዋለሁ» አለ።

ዛሬ ከሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ በሩን አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። ስልኩን ሞከርኩ። «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ልደውልልሽ» ብሎ ዘጋብኝ። ስብሰባ!

ቁልፍ አልያዝኩም። ቦርሳዬን ፈተሽኩ፣ ከየት ይምጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤት ቁልፍ ይዤ አላውቅም፣ ሁልጊዜ የሚከፍት ሰው ነበር፣ ሞጆ ሲውልም ቀድሞኝ ይገባ ነበር።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ጉዲቱ ልብስ ልታወርድ ወጥታ አየችኝ።

«ምነው የሺ፣ ውጭ?»

«ወንድሜ ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

በደንብ ሰምታኛለች፣ አውቃለሁ። እኔም ደግሜ ልለው ፈልጌ ነው።

«ወንድሜ ሥራ ላይ ነው።»